የልጄን አስተማሪ ለሽልማት ልጠቁማት ብዬ ደብዳቤው ላይ ቀረሁ፣ እስቲ ምከሩኝ

የናቲ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው የምንኖረው። ከአዲስ አበባ የመጣነው ባለፈው ክረምት ነው፣ ገና ዓመት አልሞላንም። ልጄ 3ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ኢሜይል መጣ፣ የሚሸለም ጎበዝ አስተማሪ ጠቁሙ የሚል። ላልፈው ነበር። ማታ ዕቃ እያጠብኩ አንድ ነገር ትዝ ሲለኝ እጄን ጠረግ አድርጌ ፎርሙን ከፈትኩት። ስሟን ሞላሁ። የክፍሉን ቁጥር ሞላሁ። "ለምን ይገባታል?" የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ይኸው አራት ቀኔ።

ነገሩን ልንገራችሁ። ናቲ ቤት ውስጥ አፉ አያርፍም። ክፍል ውስጥ ግን መስከረምንም ጥቅምትንም ቃል ሳይወጣው ጨረሰ። ሲጠሩት ፈገግ ይላል፣ በቃ። እኔ እንግሊዝኛው ነው፣ ይለምዳል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፣ ማታ ማታ ግን እንቅልፍ የለኝም።

አንድ ቀን ሰዓት እየተማሩ ነው አሉ። ወረቀት ላይ ባዶ ሰዓቶች ተሥለዋል፣ ልጆቹ ውሏቸውን አስበው ቆጣሪውን ይሥላሉ። መቼ ትነሳለህ፣ ትምህርት መቼ ይጀመራል፣ ምሳ መቼ ትበላለህ፣ መቼ ትተኛለህ። የእኔ ልጅ ምን ቢሥል ጥሩ ነው? የሚነሳው 1 ሰዓት። ትምህርት የሚጀመረው 3 ሰዓት። ምሳ 6 ሰዓት። የሚተኛው 3 ሰዓት።

ሌላ ሰው ቢሆን በቀይ አጋድሞበት ያልፍ ነበር፣ ሁሉም ስህተት ነዋ። እሷ ግን በማግስቱ በአስተርጓሚ ደወለችልኝ። ስልኩን ሳይ ደንግጬ ነው ያነሳሁት፣ ልጁ የተጣላ ነው የመሰለኝ። "ሁሉንም እኩል በስድስት ሰዓት ነው የሳተው፣ አንዱም አልተዛነፈም፣ እንዲህ ያለ ስህተት የለም፣ የሆነ የማላውቀው ነገር አለ" አለችኝ። አስተርጓሚዋ የእኛው ልጅ ናት፣ ተርጉማ ሳትጨርስ ሳቋ አመለጣት። እኔም ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር እንደምንጀምር አስረዳሁ። ከዚያማ ጥያቄውን አዥጎደጎደችው። ሌሊቱስ እንዴት ነው የሚቆጠረው? ቀኑ የሚለወጠውስ መቼ ነው? እውነት ለመናገር እኔም ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

የሚቀጥለው ሰኞ ፎቶ ላከችልኝ። ከትልቁ የግድግዳ ሰዓት ሥር ከወረቀት ሳህን የተሠራ ሌላ ሰዓት ተሰቅሏል፣ "የናቲ ሰዓት" ይላል። ናቲ ከፊቱ ቆሞ በማስመሪያ እያሳየ ነው። አፉ ክፍት ነው። እያወራ ነው ማለት ነው! ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም በል እስኪባል ድረስ ነው የሚያወራው።

አሁን ጭንቀቴ ይሄ ነው። አንደኛ፣ ነገሩ ትንሽ ነው። ፎርሙ ትልቅ ነገር የሚፈልግ ይመስላል፣ ውጤት አሳደገች፣ ፕሮጀክት መራች ምናምን። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛዬ ለሱቅና ለሐኪም ቤት እንጂ ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ አይበቃም። ባለቤቴ "ቻትጂፒቲ ይጻፍልሽ፣ ምን ትጨነቂያለሽ" ይላል። ሦስተኛ፣ ልጇ ነጥብ እንዲጨመርለት ነው የምታሞግሰው እንዳይሉኝ። ደግሞ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት አንድ ጥሩ ነጠላ አለኝ፣ ብሰጣት ነውር ይሆናል?

የሮክቪሉ አባት፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚሄድበትን መንገድ ልንገርሽ። እኔ ሁለት ዓመት የወላጆችና መምህራን ማኅበሩ ውስጥ ስለነበርኩ ትንሽ አውቀዋለሁ።

እዚህ ሜሪላንድ የትምህርት ዲስትሪክት ማለት ካውንቲው ራሱ ነው። 23 ካውንቲ አለ፣ ባልቲሞር ከተማ ለብቻዋ ትቆጠራለች፣ 24። እያንዳንዱ የዓመቱን መምህር ይመርጣል። ከ24ቱ ደግሞ ስቴቱ አንድ ይመርጥና መስከረም ጥቅምት ገደማ ይፋ ያደርጋል። የየስቴቱ ተመራጮች በአገር ደረጃ ይወዳደራሉ፣ ይሄ ከ1952 ጀምሮ የሚሰጥ ሽልማት ነው፣ አሸናፊው ብዙ ጊዜ ዋይት ሐውስ ድረስ ይጠራል። እንግዲህ የእኛ ካውንቲ ብቻውን ከ200 በላይ ትምህርት ቤትና 160 ሺህ ገደማ ተማሪ አለው። ስለዚህ አልሸነግልሽም፣ የመመረጥ ዕድሉ ጠባብ ነው። የልጅሽ አስተማሪ ዋይት ሐውስ ትሄዳለች ብለሽ አትጠብቂ።

ግን ለዚያ አይደለም የምትጽፊው። ደብዳቤሽን ለርዕሰ መምህሯም በግልባጭ ላኪላት። እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሰው በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ያነበው ነበር። ከወላጅ የሚመጣው አብዛኛው ኢሜይል ክስ ነው፤ ምስጋና ሲመጣ የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል።

ቋንቋውን በተመለከተ አትሸማቀቂ። ካውንቲው ለወላጅ የሚልካቸውን ወረቀቶች ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አስተርጓሚ ደግሞ መብትሽ ነው፣ አትከፍይበትም። በስልክ ያገናኙሽ እንደሆነ አይተሻል አይደል። ሽልማቱ ቢያመልጥሽ እንኳን ግንቦት አለልሽ፣ እዚህ አገር የግንቦት የመጀመሪያው ሙሉ ሳምንት የመምህራን ምስጋና ሳምንት ነው፣ ማክሰኞው ደግሞ ዋናው ቀን። (ግንቦት ስል የፈረንጁን ሜይ ማለቴ ነው፣ የሰዓቱ ታሪክ እንዳይደገም 😄)

ኡበር ነጂው፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ሰርተፍኬት ምን ያደርግላቸዋል? ማታ ማታ ከምጭናቸው ሰዎች ስንቱ አስተማሪ ነው፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሁለተኛ ሥራ የሚሄድ። እርሳስና ወረቀት ከኪሳቸው ገዝተው ለክፍል የሚያስገቡ እነሱ ናቸው። ጭብጨባው ይቅርና ደሞዝ ይጨመርላቸው። የስጦታ ካርድ ስጫት፣ ቤንዚን ትቅዳበት፣ አለቀ።

የሮክቪሉ አባት፦

@ኡበር ነጂው ደሞዙ ላይ ልክ ነህ ወንድሜ። ያን ግን የናቲ እናት በፎርም አትሞላውም፣ የካውንቲው በጀት ሲወጣ የሕዝብ መስሚያ አለ፣ ና እና ተናገር። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ የሐበሻ ፊት ፈልጌ አጥቻለሁ። 160 ሺህ ልጅ ውስጥ ስንቱ የእኛ ነው፣ ወላጁ የት ነው?

ኡበር ነጂው፦

በየትኛው ሰዓት ልምጣ ብለህ ነው። ግን እሺ፣ ቀኑን ላክልኝ።

ፓራ ነኝ፦

የናቲ እናት፣ እኔ እዚሁ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት ጊዜ በትምህርት ቤታችን ጥቆማዎቹን ከሚያነቡት አንዷ ነበርኩ፣ ስለዚህ ከወዲያ ማዶ ሆኜ ልንገርሽ።

"ነገሩ ትንሽ ነው" ያልሽው ላይ ተሳስተሻል። አንድ ምሽት ተቀምጠን አርባ ምናምን ደብዳቤ አነበብን። ሠላሳው አንድ ነው። ታታሪ ናት፣ ትጉህ ናት፣ ልጆቹን እንደ ራሷ ልጆች ትወዳለች። ማን እንደሆነች ስሙን ሸፍነሽ ብታነቢው አታውቂም፣ ስሙን ብትቀያይሪውም ማንም አይነቃም። አሁን ደግሞ በቻትጂፒቲ የሚጻፈው ሲጨመርበት ጭራሽ ሁሉም የአንድ ሰው እጅ ሆኗል፣ ባለቤትሽ አይቀየመኝ። አንዱ አባት ግን የጻፈው አምስት መስመር ብቻ ነበር፣ እንግሊዝኛውም የተሰባበረ ነው። ልጁ አውቶቡስ ስለሚፈራ አስተማሪው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከአውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ይቀበለው እንደነበር ነው የጻፈው። እኔ እዚያው ሕንፃ ውስጥ እየሠራሁ አላውቅም ነበር! ማናችንም አናውቅም ነበር። ያ ነው ያለፈው።

ስለዚህ ለእኛ ያወራሽውን እንዳለ ጻፊው። 1 ሰዓት፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት ብለሽ ቁጥሮቹን አስቀምጪ። መደወሏን፣ አስተርጓሚ መጠየቋን፣ የወረቀት ሳህኑን። ፎቶውን አያይዢ፣ ሌሎች ልጆች ከታዩበት ግን ፊታቸውን ቁረጪው። በአማርኛ ጀምሪው፣ በአማርኛ ሲሆን አታፍሪም። ከዚያ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይመልስልሽ፣ አታሳምርልኝ ብለሽ ንገሪው።

አንድ የማትረሺው ነገር፦ ስሟ። እኛ አቶ እገሌ፣ ወይዘሮ እገሊት ብለን በራስ ስም ነው የምንጠራው። እነሱ ሚስ ብለው የሚያስከትሉት የቤተሰቡን ስም ነው። ስንት ጊዜ መሰለሽ የሐበሻ እናት ደብዳቤ "ውድ ሚስ" ብሎ በመጀመሪያ ስም ሲመጣ ቢሮ ያሉት ማን እንደሆነች ለማወቅ ሲፈልጉ የሚውሉት። ትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ሙሉ ስሟ አለ፣ አይተሽ ጻፊ።

ነጠላው። ጥሬ ገንዘብ ፈጽሞ አትስጪ። ስለ ሌላው የየትምህርት ቤቱ ደንብ አለ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ስጦታ መቀበል የማይፈቀድበት ቦታ ይኖራል፣ ስለዚህ ቢሮ ጠይቂ፣ አያስነውርም። እኔ ብሆን ግን ውጤት እየተሰጠ ባለበት ሰሞን አልሰጥም፣ የትምህርት መዝጊያ ላይ እሰጣለሁ። ያኔ "ለነጥብ ነው" የሚል አይኖርም፣ ያንቺም ስጋት ያልቃል።

ምግብ ከሆነ ሌላ ነው። የወላጆች ማኅበሩ በምስጋናው ሳምንት ለሠራተኞች ምሳ ያዘጋጃል፣ ስም መሙያ ወረቀት ይልካሉ። 2024 ላይ ፋሲካ ሜይ 5 ዋለ፣ የመምህራን ሳምንቱ በማግስቱ ሰኞ ጀመረ። ገምቺ እስቲ! ሦስት የእኛ እናቶች ዶሮ ወጣቸውን በድስቱ ይዘው ከች አሉ። የጂም መምህሩ እንቁላሉን በማንኪያ አንስቶ "ይሄ ምንድን ነው፣ ለምን ሙሉውን?" ይላል። አንዷ ደግሞ እንጀራውን እንደ ናፕኪን አጥፋ ከሳህኗ አጠገብ አስቀምጣዋለች። እስከ 7 ሰዓት ድስቱ ተጠረገ። (በእኛ ሰዓት ነው፣ በናቲ ሰዓት።) ዛሬም ያን ምሳ ያነሱታል። ሰርተፍኬት የተሰጣቸውን ቀን ግን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

ጡረተኛው መምህር፦

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ልጄ ጋ ነው። እዚህም የትምህርት ቤቱ ወረቀት በአማርኛ ይመጣል፣ የልጅ ልጆቼን እኔ ነኝ የማነብላቸው። አገር ቤት 34 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አብዛኛውን ጎጃም፣ መጨረሻውን አዲስ አበባ። ስለ መሸለም ከተነሳ እኔም አንድ ሁለት ልበል።

እኛ ዘንድ "ሞዴል መምህር" ይባላል። በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ አለ፣ ርዕሰ መምህሩ ይሞላል፣ ባልደረባ ይሞላል፣ ተማሪም ወላጅም ይሞላል። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን የትምህርት ዕቅዱን በጊዜ ያስገባና ከኃላፊው ጋር ያልተነካካ ሰው ነበር የሚወጣው። አንድ ትምህርት ቤት እያለሁ፣ ስሙ ይቅር፣ ሽልማቱ በተራ ነበር የሚታደለው። "ዘንድሮ የአንተ ተራ ነው" ተባልኩ። የኔታ ፊት ቁጭ ብዬ ፊደል ስቆጥር ያልተሰማኝ እፍረት ያን ቀን ተሰማኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ሰርተፍኬት ሰጡኝ፣ ተጨበጨበልኝ። ጋቢውን ለእናቴ ሰጠኋት። ሰርተፍኬቱ ቤት ስንቀይር የት እንደገባ አላውቅም።

የዓለም መምህራን ቀን የሚባለውም አለ፣ ኦክቶበር 5፣ በእኛ መስከረም 25 አካባቢ። በ1966 መምህራን ስለሚገባቸው ክብርና የሥራ ሁኔታ በዓለም ደረጃ የወጣ ሰነድ አለ፣ የእሱ መታሰቢያ ነው፤ መከበር የጀመረው ግን በ1994 ነው፣ ሁለቱም በፈረንጅ። እኛ ጋ በዚያ ቀን ስብሰባ ይጠራል። በአንድ ክፍል 70 ልጅ ይዘህ በሁለት ፈረቃ ስታስተምር ከርመህ ስብሰባ ለሽልማት!

አንድ ወረቀት ግን አለኝ። አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከደብተር የተገነጠለ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል። የ4ኛ ክፍል ተማሪዬ አባት ናቸው የላኩልኝ። ማንበብ አይችሉም ነበር፣ ለልጅቷ እየነገሯት ነው ያጻፏት። የመሬት ክርክር ነበረባቸውና የፍርድ ቤት ወረቀት በመጣ ቁጥር ይዘውት ሰው ደጅ ይሄዱ ነበር፣ አንዳንዱ አንብቦላቸው ሳንቲም ይቀበላል፣ አንዳንዱ ጉዳዩን ያወራባቸዋል። ወረቀቱ "ትናንት የመጣውን ልጄ ማታ በኩራዝ አነበበችልኝ። ከእንግዲህ ሰው ደጅ አልቆምም" ይላል። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እንኳን አይልም። "ሰው ደጅ" የሚለውን ልጅቷ "ሰው ደጂ" ብላ ነው የጻፈችው። ቀይ እስክሪብቶ በእጄ ነበር፣ አላረምኩትም።

ልጄ፣ ያቺ አስተማሪ ስድስት ሰዓቱን ማስተዋሏ ሙያ ነው። አርባ ወረቀት ሲታረም ዓይን ይደክማል፣ የተሳሳተውን ማጋደም ቀላል ነው። ስህተቶቹ እኩል መሆናቸውን ለማየት ግን የሰባተኛውን ወረቀት ያህል ትኩረት ለሠላሳ ስምንተኛው መስጠት አለብሽ። ያን መምህር የሆነ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ደብዳቤሽን የሚያነቡትም መምህራን ናቸው፣ ይገባቸዋል።

ፓራ ነኝ፦

ጋሼ፣ አስለቀሱኝ እኮ። ወረቀቱን ላሚኔት ያስደርጉት፣ እኛ ትምህርት ቤት ማሽን አለ፣ ይምጡና እኔ አደርግልዎታለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ግን ሽታው ይጠፋል ብዬ ተውኩት።

የናቲ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ለባለቤቴም አነበብኩለት፣ ቻትጂፒቲውን ትቶታል 😅

ማታ በአማርኛ ጻፍኩት። እንዲህ ነው የጀመርኩት፦ "ልጄ ትምህርት ቤት ከገባ ሦስተኛ ወሩ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ድምፁን የሰማ ሰው የለም። የሰዓት ትምህርት ቀን በወረቀቱ ላይ የሣላቸው ሰዓቶች በሙሉ የተሳሳቱ ነበሩ። አስተማሪው ግን ስህተት ነው አላለችም፣ ደውላ ጠየቀችኝ።" ከዚያ ቁጥሮቹን፣ ከዚያ የሳህኑን ሰዓት። መጨረሻው ላይ "እንደ እሷ ያለ አስተማሪ በዓለም ላይ የለም" ብያለሁ። የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ናት፣ ትመልስልኛለች። የቤተሰብ ስሟንም ከድረ ገጹ አገኘሁት፣ ለካ እስካሁን በመጀመሪያ ስሟ ነበር ኢሜይል የምጽፍላት፣ አንድም ቀን አላረመችኝም።

ፓራ ነኝ፦

ጎሽ! መጨረሻ ላይ ያለችውን የዓለሙን ነገር ብቻ አውጫት። ሠላሳዎቹ ደብዳቤዎች ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ፎቶው ላይ አቁሚው። ቀኑ እንዳያልፍብሽ ደግሞ፣ እስከ መቼ ነው?

የናቲ እናት፦

እስከ ዓርብ ነበር፣ አሁን ላክሁት፣ ለርዕሰ መምህሯም በግልባጭ። ከመላኬ በፊት ናቲ እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። መሐል ላይ ቆመና "እማ፣ እሷ የደወለችልሽ ሌሊት ነው እንዴ?" አለኝ። ለካ "4 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ" ብዬ ጽፌ የእህቴ ልጅ እንዳለ ገልብጣዋለች። 10 ብሎ ራሱ አስተካከለው።